ዑድ ማለት እንጨት ነው፦ ለሙዚቃ መሣሪያ የሚሆን እንጨት እንዴት ይመረጣል?

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ «ዑድ» የሚለውን ቃል አብዛኛውን ጊዜ በቅድሚያ የሚያውቀው በመዓዛው ነው። በእንግዳ መቀበያ ክፍሎችና በሽቶ መሸጫ ሱቆች የሚጨሰው ውድ ዕጣን በዚህ ስም ይጠራል። በሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሆዱ እንደ ተከፈለ ቅል ያበጠ፣ አንገቱ አጭር፣ ራሱ ወደ ኋላ የታጠፈ ባለ አውታር መሣሪያ በዚሁ ስም ተሰቅሎ ይታያል። ሁለቱ ዕቃዎች ከአንድ ዛፍ የተገኙ አይደሉም። ዕጣኑ አኲላሪያ የተባለው የእስያ ዛፍ በሻጋታ ሲጠቃ በሚያመነጨው ሙጫ የጠቆረ የግንዱ ክፍል ነው። መሣሪያው ግን የሚሠራው ከሌሎች ልዩ ልዩ ዛፎች ነው። ስማቸው አንድ የሆነው በዐረብኛ «ዑድ» የሚለው ቃል እንጨት፣ በትር፣ ቅርንጫፍ ማለት ስለሆነ ነው። አውሮፓውያን «ሉት» የሚሉት መሣሪያም ስሙን የወረሰው «አል-ዑድ» ከሚለው ከዚሁ ቃል ነው።

መሣሪያው «እንጨት» ተብሎ የተሰየመበትን ምክንያት በተመለከተ በስፋት ከሚነገሩት ማብራሪያዎች አንዱ ፊቱ እንደ ሌሎች ጥንታዊ መሣሪያዎች በቆዳ ሳይሆን በእንጨት የተሸፈነ መሆኑ ነው። ይህ ለኢትዮጵያውያን አንባብያን ግልጽ የሆነ ልዩነት ነው። በገና፣ ክራርና ማሲንቆ ድምፃቸውን የሚያጎላላቸው በገበቴያቸው ላይ የተወጠረው ቆዳ ነው። በዑድ ላይ ግን ያንን ሥራ የሚሠራው ከ2 ሚሊ ሜትር እምብዛም የማይወፍር ስስ ሳንቃ ነው። በመሆኑም የእንጨቱ ምርጫ የመሣሪያው ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ድምፁንም ዕድሜውንም የሚወስን ነው።

ዑድን ወይም ሌላ ባለ አውታር መሣሪያ በቤቱ ለመሥራት የሚያስብ ሰው በብዛት የሚጠይቀው ጥያቄ «የትኛው ዛፍ ይሻላል?» የሚል ነው። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ግን ከዛፉ ስም አስቀድመው ሦስት ነገሮችን ያጣራሉ። እንጨቱ በመሣሪያው የትኛው ክፍል ላይ ይውላል? ከግንዱ በየትኛው አቅጣጫ ተቆረጠ? ምን ያህልስ ደርቋል? ለሦስቱ ጥያቄዎች ተገቢውን መልስ ያላገኘ እንጨት ስሙ ምንም ያህል ቢከበር፣ ዋጋውም ምንም ያህል ቢወደድ፣ በተለይ በባሕረ ሰላጤው አየር ውስጥ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ ወይም ድምፁ ይታፈናል።

እያንዳንዱ ክፍል የሚፈልገው እንጨት

የዐረብኛ ቋንቋ የዑድን ክፍሎች የሚጠራቸው እንደ ሰው አካል ነው። የፊት ሳንቃው «ወጅህ» ማለትም ፊት፣ ጀርባው የተገጣጠመባቸው ጥምዝ ቁራጮች «አድላዕ» ማለትም ጎድኖች፣ ጣቶች የሚረማመዱበት ክፍል «ረቀባ» ማለትም አንገት፣ አውታር መቃኛዎቹ ደግሞ «መፋቲሕ» ማለትም ቁልፎች ይባላሉ። እያንዳንዱ የአካል ክፍል የተለየ ሥራ ስላለው የሚፈልገው እንጨትም የተለየ ነው።

ፊቱ ቀላልና ጽኑ መሆን አለበት። አውታሩ ሲመታ ንዝረቱ በብርኩማው በኩል ወደ ፊቱ ይተላለፋል፤ ከባድ ሳንቃ ይህን ጥቂት ጉልበት ውጦ ያስቀረዋል፤ ቀላል ሆኖ የማይጸና ሳንቃ ደግሞ በአውታሮቹ ውጥረት ይጎብጣል። ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ በብዛት የተመረጠው በቀዝቃዛ አገሮች የሚበቅለው፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለው ስፕሩስ ነው። ክብደቱ በአንድ ሜትር ኩብ ከ400 እስከ 450 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲሆን፣ ድምፅ በቃጫው ርዝመት በሰከንድ ከ5,000 ሜትር በላይ ይጓዝበታል። ዝግባን የመሰሉ ሌሎች ቀላል እንጨቶችም ለፊት ያገለግላሉ፤ ድምፃቸው ለስለስ ይላል። ከፊቱ በስተ ውስጥ በአግድም የሚጣበቁት ቀጫጭን ድጋፎችም የሚሠሩት ከዚሁ ዓይነት እንጨት ነው።

ጎድኖቹ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ተደርገው ይላጋሉ። ከዚያም በውኃ ርሰው በጋለ ብረት ላይ ይታጠፋሉ። ስለዚህ እንጨቱ ጠንካራ ከመሆኑም በላይ ሳይሰበር ሊታጠፍ የሚችል መሆን ይኖርበታል። በዐረብኛ «ጀውዝ» የሚባለው ዋልነት ከጥንት ጀምሮ ተወዳጅ የሆነው ሁለቱንም ስለሚያሟላ ነው። በአንድ ሜትር ኩብ ወደ 650 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በመላጊያ ሥር አይሰነጣጠቅም፤ በሙቀትም ይታዘዛል። ማሆጋኒ፣ ሜፕል፣ የአፕሪኮት እንጨትና፣ በተለይ በኢራን፣ ቅጠሉን የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍም ለዚሁ ክፍል ይውላሉ። ሮዝውድ ከ800 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን፣ ብሩህ ድምፅ የሚሰጥ እንጨት ቢሆንም ለማጠፍ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለጀማሪ አይመከርም።

አንገቱ የሁሉንም አውታሮች ውጥረት ይሸከማል። አሥራ አንድ አውታር ያለው ዑድ በተለመደው ቅኝት ላይ ሲሆን ድምር ውጥረቱ ወደ 40 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል። ይህ ኃይል ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ አንገቱን ወደ ፊት ይጎትታል። በመሆኑም ቃጫው ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለበትና ቀለል ያለ እንጨት ይመረጣል። በጣት መዳሰሻው ላይና በመቃኛ ቁልፎቹ ግን መፋተግን የሚችል ጠጣር እንጨት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ዞጲና ሮዝውድ ተመራጮች ናቸው። ቁልፎቹ ከተሰኩበት ክፍል ይልቅ ጠጣር መሆናቸው ከብዙ አገልግሎት በኋላም ቅርጻቸውን እንዲጠብቁ ይረዳቸዋል።

ይህ ዕውቀት አዲስ አይደለም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን በባስራ የነበሩት «ኢኽዋን አስ-ሰፋ» የተባሉ ሊቃውንት ስለ ሙዚቃ በጻፉት ድርሳን የዑድን ልክ በዝርዝር አስፍረዋል። ርዝመቱ የስፋቱ አንድ ተኩል፣ ጥልቀቱ የስፋቱ ግማሽ፣ አንገቱ የርዝመቱ አንድ አራተኛ እንዲሆን ያዝዛሉ፤ ፊቱም ሲያንኳኩት ከሚያስተጋባ ስስና ቀላል እንጨት እንዲሠራ ይመክራሉ። የዑድ አሠራርና አጨዋወት እ.ኤ.አ. በ2022 በኢራንና በሶርያ ስም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ሲመዘገብ፣ አንድን ዑድ ሠርቶ ማጠናቀቅ 25 ቀን እንደሚወስድና በዚህ ጊዜ ውስጥ እንጨቱ በውኃና በእንፋሎት እየታከመ እንዲበስል እንደሚደረግ ተገልጿል።

ከግንዱ እንዴት እንደተቆረጠ ማየት

ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ሳንቃዎች አንድ ዓይነት ጠባይ ላይኖራቸው ይችላል። እንጨት ሲደርቅ በቁመቱ የሚያሳየው ለውጥ እዚህ ግባ አይባልም፤ ከእርጥብነት እስከ ፍጹም ድርቀት ድረስ ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ ገደማ ብቻ ያጥራል። ከግንዱ መሐል ወደ ቅርፊቱ ባለው አቅጣጫ ግን በብዙ ዛፎች ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ የዓመት ቀለበቶቹን ተከትሎ በሚዞረው አቅጣጫ ደግሞ የዚህን እጥፍ ያህል ይሸበሸባል። ሳንቃ የሚጎብጠውና የሚጠማዘዘው በእነዚህ አቅጣጫዎች መካከል ባለው ልዩነት የተነሣ ነው።

ስለዚህ ለፊት የሚመረጠው ሳንቃ ከግንዱ መሐል ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ የተሰነጠቀ መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ የሳንቃውን ጫፍ መመልከት ይበቃል። የዓመት ቀለበቶቹ ከሳንቃው ወለል ጋር ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ መስመሮች ከታዩ አቆራረጡ ትክክለኛ ነው፤ እንደ ቀስት ጎብጠው ከተኙ ግን ሳንቃው ለሌላ ሥራ ይዋል። በፊቱ ላይ ያሉት መስመሮችም ቀጥ ያሉና እኩል የተራራቁ ሊሆኑ ይገባል። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ከ4 እስከ 8 መስመር የሚቆጠርበት ስፕሩስ ለዚህ ሥራ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ በጆሮ ይካሄዳል። ሳንቃው ከአንደኛው ጫፍ ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ ያህል ገባ ብሎ በሁለት ጣት ተይዞ ይንጠለጠላል፤ ከዚያም መሐሉ በጣት አንጓ ይንኳኳል። ጥሩ ሳንቃ ጥርት ብሎ ይደውላል፣ ድምፁም ቶሎ አይጠፋም። «ድፍ» ብሎ የሚሞት ሳንቃ ወይ እርጥብ ነው፣ ወይ ውስጡ ተሰንጥቋል፣ ወይም ለፊት የሚሆን ባሕርይ የለውም። ሳንቃው በሌላ ቦታ ሲያዝ የተሻለ ሳንቃም ሊታፈን ስለሚችል ሁሉንም በአንድ ዓይነት አያያዝ ማወዳደር ያስፈልጋል።

የባሕረ ሰላጤው አየር ፈተና

እንጨት ከዛፉ ከተለየ በኋላም ከአየሩ እርጥበት ይወስዳል፣ መልሶም ይሰጣል። የአየሩ እርጥበት 45 በመቶ አካባቢ በሆነበት ክፍል ውስጥ የቆየ እንጨት ከክብደቱ ወደ 8 በመቶ የሚሆን ውኃ ይይዛል። እርጥበቱ 80 በመቶ በሚደርስበት የባሕር ዳርቻ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሲቀመጥ ግን የሚይዘው ውኃ ወደ 16 በመቶ ከፍ ይላል። በባሕረ ሰላጤው ከተሞች እነዚህ ሁለት አየሮች የሚለያዩት በአንድ በር ብቻ ነው፤ በውጭ በበጋ የሚያጥወለውል እርጥበት፣ በውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ማቀዝቀዣ።

የዚህን ጉዳት በቁጥር ማየት ይቻላል። 36 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የስፕሩስ ፊት 14 በመቶ ውኃ እንደያዘ ተጣብቆ፣ በኋላ በማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ወደ 8 በመቶ ቢደርቅ፣ በወርዱ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ሊያጥር ይፈልጋል። ነገር ግን ዳር ዳሩ ከጎድኖቹ ጋር፣ ውስጡም ከአግድም ድጋፎቹ ጋር ስለተጣበቀ ለማጠር ነፃነት የለውም። ስለዚህ ይሰነጠቃል። በዚህ ዓይነት ለወራት የተደከመበት መሣሪያ በአንድ ወቅት ይበላሻል፤ ጥፋቱም በአናጢው እጅ ላይ ሳይሆን በእንጨቱ አለመድረቅ ላይ ይወድቃል።

መከላከያው ትዕግሥት ነው። በአየር ለሚደርቅ እንጨት በጥቅሉ የሚሠራበት ልማድ ለእያንዳንዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት መጠበቅ ነው። የደረቀ ተብሎ የተገዛ ሳንቃም ቢሆን መሣሪያው ወደፊት በሚኖርበት ክፍል ውስጥ፣ አየር በሁለቱም ወገን እንዲያገኘው ከሥሩ በትናንሽ ቁራጮች ተደግፎ ለሳምንታት መቀመጥ አለበት። ልዩ መለኪያ የሌለው ሰው በወጥ ቤት ሚዛን ሊጠቀም ይችላል። ሳንቃው በየሳምንቱ ይመዘንና ክብደቱ ይጻፋል፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከክፍሉ አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። መጠኑን በትክክል ለማወቅ ደግሞ ትንሽ ቁራጭ መዝኖ፣ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ጥቂት በሚበልጥ ምድጃ ክብደቱ መለወጡን እስኪያቆም አድርቆ እንደገና መመዘን ነው። 109 ግራም የነበረው ቁራጭ 100 ግራም ከሆነ 9 በመቶ ውኃ ነበረው ማለት ነው።

ብዙ ዑዶች በሙቅ የእንስሳት ሙጫ የሚጣበቁ በመሆናቸው ሙቀትም ጠላታቸው ነው። ይህ ሙጫ የሚመረጠው ወደፊት ጥገና ሲያስፈልግ በሙቀትና በእርጥበት ተለስልሶ መሣሪያው ሳይጎዳ እንዲፈታ ነው። ይኸው ጠቀሜታው በበጋ ቀትር ወደ ጉዳት ይለወጣል። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጣዊ ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ የተረሳ መሣሪያ ፊቱ ወይም አንገቱ ከመጋጠሚያው ሊላቀቅ ይችላል።

በቤት ለሚሠራ ሰው እንጨት ከየት ይገኛል?

ለመጀመሪያ ሥራ ውድ እንጨት መግዛት አያስፈልግም። ለፊቱ ብቻ ለሙዚቃ መሣሪያ ተብሎ የተዘጋጀ ስፕሩስ ገዝቶ፣ ለቀሪው ክፍል በአካባቢው የሚገኝን እንጨት መጠቀም ይቻላል። ከአሮጌ ቁምሳጥን፣ ከአልጋ ወይም ከጠረጴዛ የተገኘ ድፍን ማሆጋኒ ወይም ዋልነት ለዓመታት በቤት ውስጥ ስለኖረ የደረቀና የረጋ ነው። ሆኖም ድፍን እንጨት መሆኑን ማረጋገጥ ያሻል። ኮምፔንሳቶና ላዩ በስስ ልባጥ የተሸፈነ ቺፕውድ ከላይ ሲታዩ ያማሩ ቢመስሉም የተቆረጠው ጫፋቸው ንብርብር ወይም ፍርፋሪ ሆኖ ይታያል።

በባሕረ ሰላጤው የጥንት በሮችና የጀልባ ግንባታ ውስጥ ትልቅ ቦታ የነበረው፣ ከሕንድ በመርከብ ይመጣ የነበረው ሳጅ ማለትም ቲክ፣ ውኃን በመቋቋም ይታወቃል። ይህንን የሚያደርገው በውስጡ ያለው ቅባት ሲሆን፣ ያው ቅባት ማጣበቂያ እንዳይዝ ያደርጋል። በቲክ የሚሠራ ሰው የሚጣበቀውን ገጽ በአሴቶን ጠርጎ ወዲያውኑ ማጣበቅ ይኖርበታል።

ዕቃ ከተጫነባቸው የእንጨት መደቦች ማለትም ከፓሌት እንጨት የሚወስዱም አሉ። በእነዚህ ላይ የታተመውን ምልክት ሳያነቡ መጠቀም አደገኛ ነው። «ኤች-ቲ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት እንጨቱ በሙቀት ብቻ መታከሙን ያመለክታሉ። «ኤም-ቢ» የሚሉት ግን ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ መታጠኑን ስለሚያመለክቱ እንዲህ ያለው እንጨት በቤት ውስጥ ሊላግ አይገባም። ምልክት የሌለውንም መተው ይሻላል።

የእንጨት ብናኝ በራሱ የጤና ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ መድቦታል። ሮዝውድን የመሰሉ እንጨቶች ብናኝ ደግሞ ቆዳን ሊያሳክክና መተንፈሻን ሊያስቆጣ ይችላል። በጋራ መኖሪያ ክፍል ውስጥ እንጨት መላግና መፈግፈግ አብረው ለሚተኙት ሁሉ ጉዳት ስለሚያመጣ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ሌላ ስፍራ፣ ተገቢ ጭምብል ተደርጎ መከናወን አለበት።

መሣሪያ ይዞ ድንበር ለሚሻገር

ሠርቶም ሆነ ገዝቶ ወደ አገሩ ለሚወስድ ሰው የእንጨቱ ስም ሕጋዊ ትርጉምም አለው። ሳይትስ በመባል የሚታወቀው፣ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸውን እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት፣ የሮዝውድ ዝርያዎችን በሙሉ እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 መጀመሪያ ጀምሮ በቁጥጥር ሥር አድርጓቸዋል። ከኅዳር 2019 ወዲህ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ከፈቃድ ግዴታው ነፃ ቢወጡም፣ ከሁሉ በላይ ጥበቃ የሚደረግለት የብራዚል ሮዝውድ አሁንም ከዚህ ነፃነት ውጭ ነው። ያልተሠራ የሮዝውድ ሳንቃን በሻንጣ ይዞ መሻገርም ከተሠራው መሣሪያ የተለየ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያም ሆነች የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የስምምነቱ አባል ስለሆኑ፣ ሲገዙ የእንጨቱን ዓይነት የሚገልጽ ደረሰኝ መቀበልና ከጉዞ በፊት የሚመለከተውን ባለሥልጣን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የተዘጋጀ ዑድ የሚገዛ ሰውም ከላይ በተገለጹት መመዘኛዎች ሊጠቀም ይችላል። «ሸምሳ» ማለትም ፀሐይ የሚባለው የድምፅ ቀዳዳ ጌጥ ያለበትን ክፍል ጠርዝ በብርሃን ሲመለከት፣ በላይ የሚታዩት መስመሮች በሳንቃው ውፍረት ውስጥ ወደ ታች ከቀጠሉ ፊቱ ድፍን እንጨት ነው፤ ጠርዙ በንብርብር ከታየ ኮምፔንሳቶ ነው። አንገቱን በአንድ ዐይን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኝቶ ቀጥታነቱን ማየትና፣ ቁልፎቹ ሳይንሸራተቱ መዞራቸውን መፈተሽም ያስፈልጋል።

ከበገና እና ከክራር ጋር የሚጋሩት

የበገናና የክራር ሠሪዎችም ከዚሁ የተለየ ሕግ የላቸውም። ዋንዛ በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የተወደደው ቀላል፣ ለመላጊያ የሚመችና ሲደርቅ እምብዛም የማይጠማዘዝ በመሆኑ ነው። የበገና ቀንበርና ሁለቱ ምሰሶዎች የአሥሩን አውታር ውጥረት ስለሚሸከሙ፣ እንደ ዑድ አንገት ቃጫው ቀጥ ያለና ጉጥ የሌለበት እንጨት ይሻሉ። ልዩነቱ የቆዳው ነው። ቆዳ ከእንጨት ይልቅ ፈጥኖ እርጥበት ይስባል፤ በእርጥብ አየር ይላላል፣ በማቀዝቀዣ አጠገብ ደግሞ ከመጠን በላይ ይወጠራል። ወደ ባሕረ ሰላጤው የመጣ በገና ወይም ክራር ቅኝቱ በየጊዜው የሚወርድና የሚወጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከማቀዝቀዣው ቀጥተኛ ነፋስ አርቆ በመያዣው ውስጥ ማስቀመጥና፣ ለረጅም ጊዜ የማይደረደር ከሆነ አውታሮቹን በመጠኑ ማላላት ጉዳቱን ይቀንሳል።

ሥራውን በቅርብ ማየት ለሚፈልጉ በአቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በ2008 የተቋቋመውና በኢራቃዊው የዑድ ሊቅ ናሲር ሸማ የተመሠረተው «በይት አል-ዑድ» ከሙዚቃ ትምህርቱ ጎን ለጎን የዑድ መሥሪያ ዎርክሾፕ አለው። በቤቱ ለሚጀምር ሰው ግን የወጪው ቅደም ተከተል አጭር ነው። በቅድሚያ ለፊቱ የሚሆን በትክክል የተቆረጠ ሳንቃ፣ ቀጥሎ ለአንገቱ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት፣ ከዚያም ለቁልፎቹ የሚሆን ጠጣር ቁራጭ ይገዛል። ለጎድኖቹ ከአሮጌ የቤት ዕቃ የተገኘው ይበቃል። ከዚያ በኋላ መጋዝ ከመነሣቱ በፊት ሳንቃዎቹ በክፍሉ ውስጥ ተደርድረው ሚዛኑ አንድ ዓይነት ቁጥር ደጋግሞ እስኪያሳይ ድረስ ይጠበቃል።